ለቻይናው እናት የተቀመጥነው ለቅሶ

ወደ ጋይንት የሚወስደው መንገድ አስፋልት ሲሠራ፣ ደብረ ታቦር ካለው ቤታችን የጓሮውን ክፍል ለአንድ ቻይናዊ ቀያሽ አከራይተን ነበር። ባለቤቴ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ተማሪ ሳለ ቻይና ከእኛ ጋር በድሃ አገሮች ተርታ ትቆጠር እንደነበር እያነሳ ይገረም ነበር። አሁን ሰዋቸው በግቢያችን ቧንቧ ፊቱን ታጥቦ የእኛን ተራራ ሊቆርጥ ይወጣል ይል ነበር። እሁድ እሁድ ሁለቱ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ስለዚሁ ይጨዋወቱ ነበር።

አንድ ጠዋት ሰውየው በስልክ ሲያወራ ቆይቶ ባለቤቴን "እናቴ ሞተች" አለው። ከዚያ ሄልሜቱን አድርጎ ሥራ ሄደ።

ባለቤቴ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ቀረ። በእኛ አገር መርዶ ሽማግሌ ተሰብስቦ የሚያረዳው ነው። ሰምቶ ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው አይተን አናውቅም። ወዲያው ጎረቤት ጠራ።

"ቻይና ደግሞ ያለቅሳል እንዴ? ማሽን ነው እኮ!" አሉ አጠገባችን የሚኖሩት አሮጊት።

"እማማ፣ ማሽን እናት የለውም" አላቸው ባለቤቴ። ንፍሮውን የቀቀሉት እሳቸው ናቸው።

ሰውየው ሲመለስ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ግቢውን ሞልተውት አየና ደነገጠ። ውሃ አባከንክ ልንለው የመጣን መስሎት "ችግር የለም፣ ችግር የለም" እያለ ሮጦ ቧንቧውን አጠበቀ። ባለቤቴ እጁን ይዞ ሰሌኑ ላይ አስቀመጠው።

"ለምን አገርህ አትሄድም?"

"ክረምት ሳይገባ መንገዱ ማለቅ አለበት።"

"ለዓለም ሁሉ መንገድ የሚሠራ አገር ለአንተ አንድ ሳምንት አጣ?"

ሰውየው ንፍሮውን አንድ በአንድ እየለቀመ በላ፤ አላለቀሰም። ሦስት ቀን አብረነው ተቀመጥን። ስንነሳ ባለቤቴ "ብቻውን አልተውነውም" አለ፤ እኔም እንደዚያው አመንኩ።

በሳምንቱ ልብስ ሳሰጣ ከክፍሉ ሲያለቅስ ሰማሁት። "ይውጣለት" ብዬ ወደ ቤቴ ገባሁ። ለባለቤቴም አልነገርኩትም። መንገዱ ሲያልቅ ሰውየው ሄደ።

አሁን የሚመጡት ቻይናዎች ሀብታም ሆነዋል መሰለኝ፣ ከከተማው ውጭ በቆርቆሮ ባጠሩት ካምፕ ይኖራሉ። ማን እንደሞተባቸው የሚያውቅ የለም።

ባለቤቴ ካረፈ ስምንት ወር ሆነው። ለቅሶው ሰው አልጎደለበትም። ዕድርተኛው ድንኳኑን የነቀለ ዕለት ግን ቤቱ ውስጥ የምቆምበት ቦታ ጠፋኝ፤ ያ ሰው ትዝ ያለኝም ያኔ ነው። ሲያለቅስ የሰማሁት ቀን በሩን አንኳኩቼ "እናትህ ምን ዓይነት ሴት ነበሩ?" ብዬ ልጠይቀው እችል ነበር። እኔን እንዲህ ብሎ የሚጠይቀኝ አላገኘሁም። ባለቤቴን እዚህ ሁሉም ሰው ያውቀዋል።