አሚን ያላሉት ሽማግሌና የአሜሪካ ምርጫ

ወንድሜ በመስኖ ተራ ተጣልቶ የጎረቤታችንን ልጅ በአካፋ እጀታ ጉልበቱን ከመታው በኋላ ኑሮውን ባቲ አደረገ። ልጁ ተርፏል፤ ግን ያነክሳል። በእኛ በጨፋ ሸለቆ ሰው የጎዳ ሰው ሽማግሌ ተቀምጦለት፣ ታርቆ፣ ዱዓ እስኪደረግለት ድረስ ከአካባቢው ርቆ ይቆያል። ፖሊስም ፍርድ ቤትም የየድርሻቸውን ጨርሰው ነበር። እናቴ ግን ልጇን ወደ ቤቷ የሚመልስላት ያ ዱዓ ብቻ እንደሆነ ታውቃለች።

እኔ ከሚሴ ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ። ሁሉን ነገር ከሥሩ የማስረዳት አባዜ አለብኝ፤ ባለቤቴ “ጨው አቀብለኝ ቢሉህ ከጨው ንግድ ታሪክ ትጀምራለህ” ትለኛለች። አልዋሸችም።

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት ቦርከና ወንዝ ዳር ካለው ሾላ ሥር ነበር። ሥርዓቱ ቀላል ነው፤ ከየጎሳው እኩል ሰው ይቀመጣል። የእኛ ጎሳ ብዙ ነው፤ ሰርግ ስንደግስ ዳስ አይበቃንም። የተጎጂው ወገኖች በጣት የሚቆጠሩ ቤቶች ናቸው። ከዛፉ ሥር ግን እኛም ሁለት፣ እነሱም ሁለት። ንግግሩ ሲያበቃ አንድ ሸህ ዱዓ ያደርጋሉ፣ የተቀመጠው ሁሉ እጁን ዘርግቶ “አሚን” ይላል። አንድ ሰው እንኳ እጁን ካልዘረጋ ጉዳዩ አልተዘጋም ማለት ነው። ይህን ማን እንደደነገገው የሚያውቅ የለም። “አባቶች ናቸው” ይባላል፤ በዚያው ይታለፋል።

የዚያን ቀን የተመታው ልጅ ራሱ ይቅር አለ። አባቱም ይቅር አለ። አያቱ ግን እጃቸውን ከጋቢያቸው አላወጡም። ሸሁ ዱዓውን ደገሙት፤ አያትየው መሬት መሬት እያዩ “አሚን” ሳይሉ ቀሩ። ምክንያታቸውን የጠየቃቸው አልነበረም፣ እሳቸውም አልተናገሩም። ሰው አንድ በአንድ እየተነሳ ተበተነ።

እኔ በግኜ ነበር። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ከአባቴ ጋር ደጃፉ ላይ ተቀምጠን በስልኬ የአሜሪካን ምርጫ ወሬ አያለሁ፤ ያን ሰሞን ዓለም ሁሉ እሱን ነበር የሚያወራው። “በአንድ ሽማግሌ እልህ ወንድሜ ከአገሩ ወጥቶ ይቅር?” አልኩት። “ስንቶቻችን እየፈለግን! እጅ ይቆጠር። ዓለም የሚተዳደረው እንዲህ ነው። እነዚህ አሜሪካኖች ይኸው ሊቆጥሩ ነው፤ ብዙ ያገኘ ያሸንፋል፣ አለቀ።”

“ኢልማ ኮ” አለ አባቴ። ልጄ ማለቱ ነው፤ ቁም ነገር ሲይዝ ኦሮምኛው ይቀድመዋል። “እውን ብዙ ያገኘ ነው የሚያሸንፍ?”

አዎ ልል አፌን ከፈትኩ። ግን በዚያው ሳምንት ለተማሪዎቼ ያስተማርኩት ሌላ ነበር፤ አባቴን ደግሞ ዋሽቼው አላውቅም።

“ሁልጊዜ እንኳ አይደለም” አልኩ።

“እንዴት ሁሉ ጊዜ አይሆን?”

ገባሁበት። አሜሪካ የግዛቶች ማኅበር መሆኑን፣ ፕሬዚዳንቱ የሚለየው በጠቅላላው ሕዝብ ድምፅ ሳይሆን በየግዛቱ ድርሻ መሆኑን ነገርኩት። ብዙ ሕዝብ የመረጠው ሰው ተሸንፎ፣ ያነሰ ያገኘው ቤተ መንግሥት የገባበት ጊዜ አለ፤ በእኔ ዕድሜ እንኳ ሁለት ጊዜ ሆኗል።

“ብዙ ያገኘውስ ምን አለ?”

“ደውሎ እንኳን ደስ ያለህ ብሎ ቤቱ ገባ።”

“ሱብሃነላህ!”

አባቴ ሲደነቅ እኔን ይብስብኛል፤ ቀጠልኩ። “ካሊፎርኒያ የምትባል ግዛት አለች፣ ሕዝቧ ለብቻው አንድ ትልቅ አገር ይወጣዋል። ዋዮሚንግ የምትባል ደግሞ አለች፣ ሕዝቧ ተሰብስቦ የካሊፎርኒያን አንድ ትልቅ ከተማ አይሞላም። ላይኛው ምክር ቤታቸው ውስጥ ግን ያቺም ሁለት፣ ይቺም ሁለት…”

ድምፄ እየወረደ ሲሄድ ራሴው ሰማሁት። ውስጥ ማሽላ የምትለቅመው እናቴም እጇን አቆመች።

“ሁለት ሁለት?” አለ አባቴ። “ይህን ማን ደነገገው?”

“ከሞቱ ሁለት መቶ ዓመት የሚሆናቸው ሰዎች። ትንንሾቹ ግዛቶች እኩል ካልተቀመጥን ብለው ጉባኤው ሊፈርስ ደርሶ ነበር፤ በዚህ ታረቁ።”

“ታዲያ ዛሬ ትልልቆቹ ለምን አይሽሩት? ብዙ አይደሉም ወይ?”

“አይችሉም። ማንኛዋም ግዛት ራሷ እሺ ሳትል እኩል መቀመጫዋ አይነሳባትም ይላል ሕጉ።”

ይህን አንቀጽ ዓመት በመጣ ቁጥር አስተምረዋለሁ። ለፈተና ይጠቅማችኋል እያልኩ አስምሩበት እላለሁ። የዚያን ምሽት ግን ገና የሰማሁት መሰለኝ። ጨረቃን የረገጠ አገር! በላባ የሚጽፉ፣ የራሳቸውን ፀጉር ደብቀው ሰው ሠራሽ ፀጉር በዱቄት እያነጡ የሚያጠልቁ ሰዎች በአንድ ክረምት አዳራሽ ዘግተው የተስማሙበት ነገር ዛሬም አገሩን እንዳሰረ ነው። ቴሌቪዥን ላይ ጣቱን እየቀሰረ የሚፎክረው ፖለቲከኛ፣ መድረክ አፍርሶ መድረክ የሚተክለው ሁሉ፣ የሚፈሰው እነዚያ ሙታን በቀደዱለት ቦይ ነው። እኔ ደግሞ የማየው ውሃውን ብቻ ነበር።

“ማሻአላህ” አለ አባቴ።

እዚህ ላይ ብተወው ያምርልኝ ነበር። አባዜዬ አላስቻለኝም።

“ቆይ፣ ሌላም አለ” አልኩት። “እነዚያው ሰዎች ብዙዎቹ ባሪያ ያሳድሩ ነበር። ባሪያ የበዛባቸው ግዛቶች ባሪያዎቻችን ይቆጠሩና መቀመጫ ይጨመርልን አሉ። ባሪያው ድምፅ አይሰጥም፤ የሚቆጠረው ለጌታው ነው። ሲከራከሩ ሰንብተው አምስት ባሪያ እንደ ሦስት ሰው ይቆጠር ብለው ተስማሙ።”

“አስተግፊሩላህ! ሰው ሸንሽነው ቆጠሩ?”

“ቆጠሩ። በዚያ ቁጥርም ፕሬዚዳንት መረጡበት። ለማፍረስ ታላቅ ጦርነት ፈጀ። ከፈረሰም በኋላ ጠባሳው እስከ ዛሬ በየምርጫቸው ይታያል፤ የጥቁሮቹ ድምፅ የት ይቆጠር፣ እንዴት ይቆጠር እያሉ ዛሬም ፍርድ ቤት ይካሰሳሉ።”

አባቴ መቁጠሪያውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። “ትንሹን የጠበቀውም፣ ሰውን የሸነሸነውም አንድ ጉባኤ ነው?”

“አንድ ጉባኤ ነው።”

ልደነቅ ወይስ ልፍራ አላወቅኩም። ሁለቱም ነበሩብኝ። ሰው ተሰብስቦ ቃል ሲያስር ገና ያልተወለደ ሰው አብሮ እንደሚታሰር ስንት ዓመት አስተምሬ፣ የገባኝ አባቴ ደጃፍ ላይ ነው።

“ያ የተሸነፈው ሰውዬ ደውሎ ቤቱ አልገባም ቢልስ?” አለኝ።

“አንዴ ተብሏል። ደጋፊዎቹ የምክር ቤቱን መስኮት ሰብረው ገቡ።”

“አሜሪካ? መስኮት ሰብረው?”

“አዎ። ግን ምክር ቤቱ ተመልሶ ተቀምጦ ቆጠራውን እስከ መጨረሻው ጨረሰ።”

“ፈርቶም ቢሆን ተቀመጠ በለኛ” አለና ለኢሻ ሶላት ተነሳ።

በሳምንቱ የእኛ ጎሳ ሰዎች ተሰበሰቡ። እጅ ይቆጠር የሚለው ሐሳብ ለካ የእኔ ብቻ አልነበረም፤ ወጣቱ ሁሉ ይዞታል። እጃችንን እንቁጠር፣ ልጁ ይግባ፣ ማን ከልካይ አለው ተባለ። ልጁ የእሱ ስለሆነ ሁሉም ወደ አባቴ ዞረ።

“የልጄ ናፍቆት ከእናንተ ይልቅ እኔን ነው የሚበላኝ” አለ አባቴ ቆሞ። “ግን አንቆጥርም። የሚያነክሰው የሽማግሌው የልጅ ልጅ ነው። ብዙ መሆናችንን እሳቸውም ያውቁታል፤ ነጋሪ አይሹም።”

ተቀመጠ። ያን ሁሉ ሳስተምረው አምሽቼ ስለ አሜሪካ አንዲት ቃል እንኳ ሳይጠቅስልኝ ቀረ። ትንሽ ቅር አለኝ።

እናቴ ግን ከልቧ ተቀየመችው። ምግቡን ታቀርብለታለች፣ ፊቷን ታዞርበታለች። “ሊያመጣው ሲችል!” ትለኛለች ጓዳ ጠርታ። እውነቷን ነበር፣ ይችል ነበር። ሰኞ ሰኞ ለገበያ ብላ ባቲ እየሄደች ልጇን አይታ ትመለሳለች፤ ስትመለስ ራት አትበላም።

ክረምቱ ገባ፣ ጨፋ ላይ ውሃ ተኛ። ክረምቱ ወጣ፣ ማሽላው አሸተ። አባቴ በአያትየው ደጅ ባለፈ ቁጥር ቆሞ “አሰላሙ አለይኩም” ይላል፣ መልሱን ይቀበላል፣ ስለ ወንድሜ ግን አንድም ቀን አላነሳም። አሜሪካኖቹ ምርጫቸውን ጨርሰው ሌላ ጭቅጭቅ ጀምረዋል።

ማሽላው ሳይታጨድ አያትየው ላኩብን። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ ሸሁ ዱዓ አደረጉ፣ እሳቸውም ሁለቱን እጆቻቸውን ከጋቢያቸው አውጥተው “አሚን” አሉ። ቀስ ብለው ነው ያሉት፤ ሁላችንም ሰማነው።

ሰው ሲነሳ አጠገባቸው ደረስኩ። መጠየቅ እንደማይገባኝ እያወቅኩ ጠየቅኩ። “አባባ፣ ያኔ ለምን እምቢ አሉ?”

“እምቢ አላልኩም” አሉኝ። “ትዘሉኝ እንደሁ እያየሁ ነበር። ብዙ ናችሁ እኮ።”

እሳቸው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። “አብሽር። ልጁ ይምጣ። ብቻ መጀመሪያ የኔን ቤት ይርገጥ።”

ወንድሜ በመጣ ዕለት እናቴ ከረፋዱ ጀምራ መንገድ ዳር ቆማ ነበር። ባጃጁ አጠገቧ ሲደርስ ቀስ አለ። ወንድሜ ተመለከታት፤ አልወረደም። አልፏት ሄዶ ከአያትየው ደጅ ወረደ፣ ጫማውን አውልቆ ጎንበስ ብሎ ገባ። ተከትላው ትሮጣለች ብዬ ክንዷን ያዝኩ።

“ልቀቀኝ፣ የት እሄዳለሁ” አለችኝ። “ይጨርሱ።”

የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ፣ ዓይኗን ከዚያ በር ሳትነቅል ቆመች።