ካሱ የሚቆጥራቸው ሰባት ኮከቦች

የዶርዜው ሸማኔ ካሱ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቃቸው ደብዛዛ ኮከቦች ነበሩ። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ገና ሲመሽ፣ በስተደቡብ እንደ ቀስት ጎብጠው ይታያሉ። ሰባት ናቸው። ስማቸው "የደቡብ አክሊል" መሆኑን የነገረችው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጁ ቤቲ ናት፤ ከስልኳ አይታ።

በየዓመቱ ይቆጥራቸዋል። ሃምሳ ስድስት ዓመት በሞላው ጊዜ አምስት ብቻ አገኘ። ጭጋግ ይሆናል አለ። በዓመቱ ሁለት፤ ከዚያ ምንም። ሌላው ሰው ግን ሰማዩ ጥርት ብሏል ይላል። ያኔ ገባው፤ ለማንም ግን አልተነፈሰም። ዓይኑ ደከመ የተባለ ሸማኔ ማን ሥራ ይሰጠዋል?

ድር ሲበጠስበት በጣቱ እየዳሰሰ ይቀጥል ጀመር። አረንጓዴውን ክር ከሰማያዊው የሚለየው ባስቀመጠበት ቦታ ነበር። አንድ ቀን ባለቤቱ ማሚቱ ቤት ስትጠርግ ክሮቹን አቀያየረቻቸው፤ ለሙሽራ የታዘዘው ነጠላ ጥለቱ ተዘበራርቆ ወጣ። ነጠላውን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ የተዘበራረቀውን ጥለት በጣቷ ተከተለች።

"የቤቲ አባት፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ሦስት ዓመት ሆነኝ።"

"ለእኔ እንኳ አትነግረኝም?"

በማግስቱ ይዛው አርባ ምንጭ ወረደች። ሐኪሟ የዓይን ሞራ መሆኑን፣ እንደሚገፈፍም ነገረችው። ካሱ የቀረችውንም ብርሃን እንዳያጣ ፈርቶ ሁለት ጊዜ ሊሄድ ተነሣ፤ ማሚቱ ሁለቱንም ጊዜ አስቀመጠችው። የቀኝ ዓይኑ ፋሻ ሲነሣለት መጀመሪያ ያየው የእሷን ፊት ነው።

"ሸብተሻል" አላት። ማሚቱ ሳቀች።

በጥቅምት አንድ ምሽት ደጅ ወጣ። ሰባት ቆጠረ። ተጠራጥሮ ደገመ፤ ሰባት። ማሚቱን ጠርቶ እጇን ይዞ አንድ በአንድ አሳያት። እሷ በመጨረሻዎቹ ሁለት እርግጠኛ አልነበረችም።

ሲነጋ ካሱ ጎረቤቱ ጋሽ ዘመድኩን ዘንድ ሄደ። የሽማግሌው የሽመና ዕቃ አቧራ ከለበሰ አራት ዓመት አልፎታል፤ ሰው ስንፍና ነው ይላል። ካሱ ያን ሁሉ ጊዜ የደበቀውን ሳያስቀር ነገረው። ጋሽ ዘመድኩን መጀመሪያ ጭስ ነው ዓይኔን የሚያስለቅሰኝ ብሎ ተከራከረ። ቆይቶ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያማል ወይ ብሎ ጠየቀ።

ሐሙስ ዕለት አብረው ወረዱ። ለጋሽ ዘመድኩንም ለካሱ ግራ ዓይንም ኅዳር አሥራ ሁለት ቀጠሮ ተያዘላቸው።