የኑሪያን ኮምፒውተር የከፈትኩት እኔ ነኝ

የልጅ ልጆቼ «ሙኒር ለምን ቤታችን አይመጣም? ንገሪን» እያሉ ጨቀጨቁኝ። ይህን ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለልጄ ለኑሪያም ቢሆን አልነገርኳትም። ፊደል ስላልቆጠርኩ የልጅ ልጄ ረህማ ትጽፍልኛለች። እንዳታሳምሪልኝ ብያታለሁ።

ሙኒር የወንድሜ ልጅ ነው። ከድሬዳዋ በባቡር ድንበር ተሻግሮ መጥቶ ናጋድ ጣቢያ ወረደና ካርቲየ 6 ሰፈር፣ እኔም የምኖርበት ኑሪያ ቤት አረፈ። ወደብ አጠገብ ያለ አንድ ቢሮ ኮምፒውተር እንዲጠግንለት ሊቀጥረው ነበር። ዋስ አምጣ ስላሉት የኑሪያ ባል ጀማል እኔ አለሁ ብሎታል።

ኑሪያ ለእንግዳው ፍራሽ አነጠፈች፤ ቀጥላ ኮምፒውተሩን ቆለፈች። የሱቋ ወረቀት፣ የደንበኞቿ ፓስፖርት ቅጂ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ለሙኒር ሌላ ዋይፋይ ሰጠችው፤ ኮምፒውተሩም ላይ የእንግዳ የሚባል መግቢያ ለብቻው ከፈተችለት። የቀረውን በፓስዎርድ ዘጋችው። «እማዬ፣ ልጁ ክፉ ነው አላልኩም» አለችኝ። «ግን ያውቃል።»

ፓስዎርዱን ስትነካካ ከልጆቿ ትከልላለች። ከእኔ ግን አትከልልም። ምን ታነባለች ብላ ነዋ። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ስፌት ስሰፋ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የሌላዋን እጅ አይቼ ጥለቱን እይዘዋለሁ። የኑሪያ ጣት ከመሃል ይነሳል፣ ወደ ላይኛው የግራ ጥግ ይሄዳል፣ ወደ ቀኝ ይርቃል፣ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ተመልሶ ጥጉ። ሳልፈልገው ያዝኩት። ሳልፈልገው ነው? ይኸው፣ ገና ስጀምር መዋሸቴ ነው። ፈልጌ ነው የያዝኩት።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ከተማው ሁሉ ሙቀቱን ሸሽቶ በሚተኛበት ሰዓት፣ ሙኒር ሳሎን ተቀምጦ ከኮምፒውተሩ ጋር ይታገላል። ለቢሮው የሚሰጠውን ማስረጃ ማተም ፈልጎ የእንግዳው መግቢያ አላትም አለው።

«ኑሪያ እስክትነሳ ልጠብቅ» አለና ደግሞ ሳቀ። «አክስቴ፣ እዚህ ቤት የሚደበቅሽ ነገር የለም፣ ታድለሽ።»

«ለምን አትለኝም?»

«አንቺ ፊት መክፈት ግድግዳ ፊት መክፈት ነዋ።»

ቀልዱ ነው። ሁሌ ይቀልድብኛል፣ እኔም በሰፊ ጆሮው እቀልድበታለሁ። ያን ቀን ግን ወጋኝ። «ተነስ» አልኩት። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩና ስድስት ጊዜ ነካሁ። ተከፈተ።

ሙኒር አልሳቀም። «አክስቴ፣ ዝጊው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይሄ ጥሩ አይደለም።»

«አትምና ዝጋው። ማን ያየናል?»

እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት። እሱ አይደለም። የከፈትኩት እኔ፣ እንዲያትም የገፋፋሁት እኔ። አተመ፣ ዘጋ፣ ተነሳ።

በማግስቱ ኑሪያ የሙኒር ማስረጃ በቆለፈችው በኩል ቀርቶ አገኘችው። ጀማልን ጠራችው።

«ቆልፈሽው አልነበር?» አላት።

«ቆልፌዋለሁ።»

«እንግዲያ ሰብሮ ነው የገባው። ሙያው አይደል?»

ኑሪያ ሙኒርን ጠየቀችው። አንዴ አየኝ። አንዴ ብቻ። «ክፍት ነበር» አለ። ክፍት እንዳልነበረ እሷ ታውቃለች፤ እኔን ለመሸፈን ያወጣው ቃል ራሱን አሰረው። ጀማል «ቤቴን ለሰበረ ሰው ዋስ አልሆንም» አለ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር።

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። «እማዬ፣ አንቺ እዚሁ ነበርሽ። ምን አየሽ?»

አፌን ከፈትኩ። ሙኒር ወለሉን ያያል። አንድ ቃል ነበር የቀረኝ። እኔ ነኝ ማለት።

«እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ» አልኩ።

አመኑኝ። ማን አያምነኝም? ግድግዳ ነሽ ሲለኝ የተቆጣሁ ሴት፣ ቀን ሳያልፍ ወድጄ ግድግዳ ሆንኩ።

ሙኒር በባቡር ተመለሰ። ወሬው ቀድሞት ድሬዳዋ ገባ። ኮምፒውተር ሰብሮ ለሚገባ ሰው ማን ኮምፒውተሩን አምኖ ይሰጣል? ሙያውን ትቶ ባጃጅ ይነዳል። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «ደህና ነሽ አክስቴ?» ይለኛል፣ ያልፋል። አንድ ቀን እንኳ ለአንድ ሰው አልተናገረብኝም። ዝምታው እንቅልፍ ይነሳኛል፤ ቢሰድበኝ እተኛ ነበር።

ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም። አላዋቂ ነኝ አልልም፤ በዚያ ቃል አንዴ ተሸሽጌበታለሁ፣ ይበቃል። ኑሪያ፣ ጀማል፣ ይህን ስትሰሙ ተቆጡኝ። ከዚያ ድሬዳዋ ሂዱና ልጁ ሌባ አለመሆኑን ስሙ በጠፋበት ሰፈር ሁሉ ተናገሩ። እኔም አብሬያችሁ እሄዳለሁ። ሙኒር፣ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ። እምቢ ብትልም እውነትህን ነው።

ባለፈው ረመዳን ረህማ ስሜን በፈረንሳይ ፊደል መጻፍ ላስተምርሽ ብላ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጠችኝ። የመጀመሪያውን ፊደል አሳየችኝ፣ መሃል ላይ ነው። ሁለተኛው የግራው ጥግ። ሦስተኛውን ሳታሳየኝ ጣቴ ብቻውን ወደ ቀኝ ሄደ። የኑሪያ ፓስዎርድ ሐሊማ ነበር፣ የእኔው ስም።