ግንበኛው ቱንቢ የደፈነው መስኮት

ቱንቢ ስምንት ዓመት ሲሆነው ትኩሳት ያዘውና ሰባት ሳምንት ከአልጋ አልወረደም። በመጀመሪያው ሳምንት የእናቱ ስም ጠፋበት። በሁለተኛው እናቱ መሆኗም ጠፋበት። ውሃ ይዛ ስትመጣ “ይቺ ሴትዮ ማን ናት?” ይላል። እርሷም “እናትህ ነኝ” ማለቱ ሲያደክማት “ውሃ የማመጣልህ ነኝ፤ ጠጣ” ትለው ጀመር። ተሻለውና ተነሣ፤ አንገቱ ግን ወደ ግራ እንደ ዘመመ ቀረ። ጎረቤቱ ሁሉ ነገሩን ባንድ ቃል ዘጋው፤ ፀሐይ መታው፣ ምች ነው አለ። ልጁም ይህንኑ አምኖ አደገ።

ግንበኛ ሆነ። እኔ ለሳኝ ነበርሁ። እርሱ የገነባውን ሃያ ስድስት ዓመት ስለስን ኖሬአለሁና ግድግዳውን አውቀዋለሁ፤ እጅ የሚያደናቅፍ ጉብታ የለውም። ቱንቢ ማለት የግድግዳ ቀጥታ የሚለካበት፣ በገመድ የሚንጠለጠል ብረት ነው። የሥራ ጓደኞቻችን በዘመመ አንገቱ ሊቀልዱ ይህን ስም አወጡለት።

“ቱንቢ፣ የዘመመው ግድግዳው ነው ወይስ አንተ?” ይሉታል።

“ግድግዳውስ ቀጥ ብሏል። እኔን የሠራኝ ነው የቸኮለው” ይላል ቀና ሳይል።

ሴት ልጅ ወለደ፤ ከስድስት ዓመት በኋላ ወንድ ተጨመረ። ወንዱ አራት ዓመት እንደ ሞላው አንድ ሰኞ ትኩሳት ያዘው። ማክሰኞ እናቱን “እትዬ” ብሎ እንደ ባዳ ሴት ጠራት። ቱንቢ ይህን ሲሰማ የያዘውን ኩባያ አስቀምጦ ወደ ደጅ ወጣ። ረቡዕ ልጁ ይንዘፈዘፍ ጀመር። ሆስፒታል ሲያደርሱት “ዘገያችሁ” ተባሉ። ዓርብ ቀበርነው።

የልጁ አልጋ በምሥራቁ መስኮት ሥር ነበር፤ የጧት ፀሐይ ፊቱ ላይ ታርፍ ነበር። ከቀብሩ በዘጠነኛው ቀን ቱንቢ ብሎኬት አምጥቶ ያን መስኮት ደፈነው። ቀጥሎ የሳሎኑን፣ ቀጥሎ የኩሽናውን ደፈነ። “ና ለስንልኝ” አለኝ፤ ሄጄ ለሰንሁለት። ሚስቱ እጇን አጣጥፋ ታየን ነበር።

“ልጄን ቀበርኩ። አሁን ደግሞ እኔን በቁሜ ልትቀብሩኝ ነው?”

“ለልጅቱ ብዬ ነው” አላት። “ፀሐይ የቀረችኝን ልጅ እንዳትነጥቀኝ።”

“ልጅቱ አይጥ አይደለችም!”

ከዚያ በኋላ በቀን መብራት የሚበራበት ቤት ሆነ። ሚስቱ ልብስ ለመጣፍ ደጃፍ ላይ ስትቀመጥ “ከፀሐይ ግቢ” እያለ ያስነሣታል። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ “መስኮቴን ክፈትልኝ” አለችው፤ አንድ ጊዜ እየሣቀች፣ አንድ ጊዜ እየተቆጣች፣ በመጨረሻም ታማ ከተኛችበት ሆና። መስኮቱ እንደ ተደፈነ ሞተች።

ሴት ልጁ አግብታ ሁለት ሴት ልጆች ወለደች፤ ከነባሏም አባቷ ዘንድ ትኖር ነበር። ትልቋ ሦስት ዓመት ሲሆናት ትኩሳት ያዛት፤ “አያቴ” ትለው የነበረውን ቱንቢን “ሰውዬው ማን ነው?” አለች። እናቷ የራሷ ወንድም እንዴት እንደ ሞተ አልረሳችም፤ በዚያው ሰዓት አዝላ ሆስፒታል ሮጠች። ሐኪሟም መድኃኒት በደም ሥሯ ወዲያው ጀመረችላት። ልጅቱ ተረፈች። ንግግሯ ብቻ እስከ ዛሬ ይጎተታል።

ሐኪሟ የሞተውን ልጅና የቱንቢን አንገት ታሪክ ስትሰማ የቤተሰቡን ሁሉ ደም ለምርመራ ፈለገች። እርሱ እንቢ አለ።

“በሽታው የፀሐይ አይደለም አባቴ” አለችው። “ከንፈር ላይ የሚወጣውን፣ እኛ ምች የምንለውን ቁስል የሚያመጣው ቫይረስ ነው። አብዛኛው ሰው ይዞት ይኖራል፣ ከከንፈር አያልፍም። በሴሎቻችን ውስጥ ቫይረስ መግባቱን የሚያውቅ ተቀባይ አለ። በጥቂት ቤተሰቦች ግን ያን ተቀባይ የሚሠራው ዘረ-መል ጉድለት ይኖርበታል። ያኔ አንጎል ቫይረሱን በጊዜ አይከላከልም።”

“ዘበኛው ተኝቷል ነው የምትይኝ?”

“ዘበኛው ቆሟል፤ መጮህ ነው ያቃተው። ይሄ ደግሞ ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳል።”

“ከኔ ነው?”

“ሳላይ አልናገርም። ይህ በሽታ ይዟቸው የተረፉት እርስዎና የልጅ ልጅዎ ናችሁ። የሁለታችሁን ደም ሳላስተያይ ታናሿ ሕፃን ጉድለቱ እንዳለባት እርግጠኛ ሆኜ ማወቅ አልችልም።”

“በኔ ዘር ጉድለት የለም!” ብሎ ብድግ አለ።

ሴት ልጁ የአምስት ወር ሕፃኗን ታቅፋ በሩ ላይ ቆመችበት። “አባዬ፣ ይቺ ካለባት ገና ስትሞቅ ልሩጥ፤ ከሌለባት እንቅልፌን ልተኛ። ክብርህን ቤት ገብተን እናወራዋለን።”

ተመልሶ ተቀመጠ፤ እጅጌውንም ሰበሰበ።

ደሙ ወደ ውጭ አገር ተላከ፤ መልሱ በአምስት ወሩ መጣ። ጉድለቱ ከእርሱ ወደ ሴት ልጁ፣ ከእርሷም ወደ ሁለቱም ልጆች ወርዷል። ሕፃኗም አለባት። ሐኪሟ “ያለበት ሁሉ አይታመምም፤ እናቷ ይኸው ጤነኛ ናት። ትኩሳት ሲጀምራት ግን አንድ ቀን አትጠብቁ” አለች። ቱንቢ ከንፈሩን በጣቱ ነካ።

“ልጄ በሞተበት ሰሞን ከንፈሬ ቆስሎ ነበር። እስመው ነበር።”

“ከማንም ሊይዘው ይችል ነበር አባቴ።”

“ይችል ነበር። የሳምኩት ግን እኔ ነኝ።”

በማግስቱ “መሮና መዶሻ ይዘህ ና” ብሎ ላከብኝ። በምሥራቁ መስኮት ላይ፣ ልስኑ የእኔ ስለሆነ ከእኔ ሥራ ጀመርን፤ አልላቀቅ ብሎ አስቸገረን።

“ምን አድርገህ ነው እንዲህ ያጠበቅኸው?”

“ና ለስን ያልከኝ አንተ!”

የመጀመሪያው ብሎኬት ሲወድቅ ብርሃኑ ሚስቱ ተኝታበት በነበረው አልጋ ላይ አረፈ። አቧራው እስኪረጋ ቆመን አየነው።

አሁን በመስኮቱ ሥር ያረፍዳል። ሕፃኗን ጭኑ ላይ ያስቀምጣታል፤ ፊቱን ግን ወደ መስኮቱ ያዞራል። አይስማትም፤ እንድትጨብጥ ጣቱን ሰጥቷታል። አንድ ቀን “የደሙ ነገር ነው የሚከነክንህ?” ብዬ ጠየቅሁት።

“ደሙን መርጬ አላወረስኩም” አለኝ። “ልጄንም የሳምኩት ወድጄው ነው። ፀሐይ ናት ብዬ መድፈኔም አለማወቅ ነው በለው። ሚስቴ ግን ዐሥራ አንድ ዓመት አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ። እሱን ለመስማት ሐኪም አያስፈልገኝም ነበር። ከሁሉ የሚከነክነኝ እሱ ነው፤ መስኮቷን ልከፍትላት ይገባኝ ነበር።”