ባሕር የሚያይ መስኮት

አርብ ከሰዓት በኋላ፣ ዓረብ አገር፣ አል ሻጢእ በሚባል ባሕር ዳር፣ አንዲት ሴት የዓባያዋን ጫፍ ሰብስባ ተቀምጣለች። እጇን በረኪና በልቶታል፤ ማዳሟ የጣለችው ጫማ ይሰፋታል።

ወንድሟ ኮምቦልቻ ከተማ፣ ከግብር ቢሮው ሠራተኛ ፊት ቆሞ በስልክ አገናኝቷታል። በሰው አገር ለፍታ እዚያ ያሠራችው ቤት አለ፤ የግብር ቅናሽ የሚፈቀደው ግን ባለቤቱ ራሱ ለሚኖርበት ቤት ብቻ ነው።

«የምኖረውማ እዚያው ነው፤ ለዑምራ መጥቼ ነው እንጂ» አለች።

«እሺ እህቴ፣ የመኝታ ቤትሽ መስኮት ወደ የት ነው የሚያየው?» አለ ሠራተኛው።

«ወደ ባሕሩ» አለች ሳታስብ፤ ወዲያው አፏን በመዳፏ ከደነች።

ኮምቦልቻ ባሕር የላትም። መስኮቱም ጠዋት ጠዋት የምትወለውለው የማዳሟ ነው። እሷ የምትተኛበት ክፍል መስኮት የለውም።