ቲነር የማይበላው ጎማ

ልጄ ዳንግላ ላይ የብረት በርና መስኮት ቀለም የምትቀባበት ቤት አላት። ቀለሙንና ቲነሩን ከጓሮ ወደ መቀቢያው የማመላልሰው እኔ ነኝ፤ አራት ትንንሽ ጎማ ባላት ዝቅተኛ መግፊያ። ቲነር ቀለም ያቀጥናል። ቀለም ብቻ ቢያቀጥን ደግ ነበር። ይንጠባጠባል፣ ሊሾው ላይ ይተኛል፣ ጎማዎቹም እሱን ሲረግጡ ይውላሉ።

መግፊያዋ ይዛው የመጣችው ጥቁር ጎማ ቲነሩን ጠጥቶ እንደ ጎንቁል ባቄላ አበጠ። ልጄ አዲስ እንግዛ ስትል፣ «ጎማ ልትገዢ? እኔ ቆሜ?» አልኳት። ዕድሜዬን በሙሉ ጋሪ ነድቻለሁ። ፈረሴ ሲሞት ቤት የቀረውን የጋሪ ጎማ ቆርጬ፣ በምስማር ጠርቄ፣ ለመግፊያዋ አራት እግር አበጀሁላት። የዳንግላን ጭቃ ክረምት ከበጋ የቻለ ጎማ የቲነር ጠብታ ምን ያደርገዋል?

ቲነር ግን ጭቃ አይደለም። ሳምንት ሳይሞላ ጎማው ለስልሶ ከሊሾው ጋር ተጣበቀ። እኔ ስገፋ መግፊያዋ ቆማ ቀረች፤ የጫንኩባት የቲነር ጣሳ ብቻ ሄደ። ሄዶም ገና ቀለሙ ባልደረቀ በር ላይ ተደፋ።

ልጄ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«አባዬ፣ ይብቃዎት። ቤት ይዋሉ፣ በጎቹን ይዩ።»

«በጎቹ እኔን ምን ያደርጉኛል? አንዴ ልሞክር።»

«ይሁን። የሚመጣውም ጎማ ከቀለጠ ግን፣ የሚገፋ ጎረምሳ እቀጥራለሁ።»

ቤት የዋሉ እኩዮቼን አይቻለሁ። ከበግ ጋር የከረመ ሽማግሌ ሰው ሲያናግረው መልስ ይጠፋዋል።

በማግስቱ ቲነር በጠርሙስ ይዤ፣ ጎማ ልገዛ በሚኒባስ ቆሰበር ከተማ ወጣሁ። እኛ አገር ፈረስ የሚገዛ ሰው የፈረሱን ጥርስ እንጂ የሻጩን ምላስ አያይም። ጎማ ጥርስ ስለሌለው ነው ቲነር የያዝኩት። የሚኒባሱ ረዳት አፍንጫውን ያዘ።

«አባ፣ አረቄው የማን ቤት ነው? እንዲህ የከረረ!»

«ቅመሰውና ንገረኝ» አልኩት።

ቆሰበር አንድ የጎማ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ መጀመሪያ ያወጣልኝ ቀይ፣ ለስላሳ ጎማ ነው።

«አባቴ፣ ይህን ይውሰዱ። ኦሪጅናል ነው፤ ምንም አይነካው።»

«እንግዲያስ ይታጠብ» ብዬ ጠርሙሴን ከፈትኩ።

«ኧረ ዕቃዬን! ምን ዓይነት ሰው ነዎት?» አለና፣ ለቆሙት ገዢዎች በአገውኛ፣ «ሽማግሌው ጸበል መስሎት ቲነር ሊረጨኝ ነው» አላቸው።

እኔም በአገውኛ፣ «ጎማህ ሰይጣን ከሌለበት ምን ያስፈራሃል?» አልኩት።

ሰዉ ሳቀ። ነጋዴ ገዢ ከሳቀበት መሸሻ የለውም። አሮጌ ጣሳ አምጥቶ፣ ቲነሬን ገልብጦ፣ ቀዩን፣ ነጭ ደረቅ ናይለንና የብረት ጎማ አንድ አንድ ነከረልኝ። ጣሳውን ከደጅ አኑረን፣ ወሬ ስናወራ ዋልን። ከሰዓት ስናወጣቸው ቀዩ እንደ ታኘከ ማስቲካ ጣቴ ላይ ቀረ። ብረቱና ናይለኑ እንደገቡ ወጡ።

«ብረቱን ስጠኝ» አልኩ።

«ብረት ሲሚንቶ ላይ ሲፋጭ እሳት ይተፋል። እርስዎ የሚገፉት ደግሞ ቲነር ነው። ሊቃጠሉ ነው?»

ቀዩን ሲያቀርብልኝ ይህን ሁሉ እውቀት የት አስቀምጦት እንደነበር አልጠየቅኩትም። ናይለኑን ያዝኩ። ነጭ ነው፣ የልጅ መጫወቻ ይመስላል። እስከ መናኸሪያ በጋቢዬ ሸፍኜ ሄድኩ።

ይኸው ክረምቱ አለፈ፤ ናይለኑ ከመጫጫር በቀር ምንም አልሆነም። ጎረምሳም አልተቀጠረም። ግን ቲነሩ ጎማውን ቢያጣው ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ውስጥ ያለውን ማለስለሻ ግራሶ አገኘ። ጠዋት እቀባዋለሁ፤ ቀትር ሳይሆን አጥቦ ይጨርሰዋል። ከዚያ በኋላ መግፊያዋ ሲጢጥ ስትል ከመንገድ ማዶ ይሰማል። ልጄም ከመቀቢያው ሆና ታዳምጣለች። ጥላ አይቼ ጥቂት አረፍ ካልኩ፣

«አባዬ! ምነው ሲጢጡ ዝም አለ?» ትላለች።

አላርፍም ያልኩት ራሴ ነኝ። ተነስቼ እገፋለሁ።