ለሰሜን በር የተመረጠ ጥቁር

የዲሴምበሩን የፈረንጅ ገና፣ የጃንዋሪውንም የራሳችንን አክብረን ስናበቃ ባለቤቴ ሦስተኛ ገና አመጣች። ሜልበርን ውስጥ ዲሴምበር ሙቀት ስለሆነ፣ ብርድ ያለበት ገና ያማራቸው ሰዎች በጁላይ ይደግሙታል። ሥራ ካጣሁ አራት ወር ሆኖኝ ስለነበር የመከራከር ወኔ አልነበረኝም።

የጌጡን ቀለም የመረጠችው በፌንግ ሹይ ነው። በዚህ የቻይናዎች ቤት የማሰናዳት ጥበብ ሰሜን የሥራ አቅጣጫ ነው፤ ቀለሙም ጥቁር፤ የደቡብ ግን ቀይ። የዌስት ፉትስክሬይ ቤታችን በር ደግሞ ወደ ሰሜን ነው።

«እዚህ አገር ሁሉም ነገር የተገለበጠ ነው፤ ቀይ ይሁን» አልኳት።

«ኮምፓስ አይገለበጥም። ሥራ ትፈልጋለህ አትፈልግም?»

እፈልጋለሁ እንጂ። እናቴ «ሥራ እንዴት ነው?» እንዳትለኝ ፈርቼ ስልኳን ካነሳሁ ስድስት ሳምንት አልፎኛል። ከአዲስ አበባ በደወለች ቁጥር ባለቤቴ «ሥራ ላይ ነው» እያለች ትሸኝልኛለች። ስለዚህ በሩ ላይ ጥቁር ጨርቅና ጥቁር ሪባን ሰቀልን። አስጠላኝ።

እሑድ ወተት ልገዛ ወጥቼ ስመለስ ሳሎናችን በሐበሻ ተሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ የሚላቸው አዛውንት አንገታቸውን ደፍተዋል። ባለቤቴ ጓዳ ውስጥ ስትንሰቀሰቅ ይሰማኛል።

እኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነው፤ ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ፣ ከዚያ አንዱ ጉሮሮውን ይጠራርጋል። እስኪጠራርግ አልጠበቅኩም።

«ወይኔ እናቴ!» ብዬ ወተቱን ለቀቅኩት።

ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ። እኔም ደረቴን እየመታሁ ጥቂት እንደቆየሁ ጋሼ ትከሻዬን ያዙኝ።

«አይዞህ ልጄ። መቼ ነው ያረፉት?»

«እርስዎ አይደሉም እንዴ የሚነግሩኝ?»

ለቅሶው ቀጥ አለ። ለካ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የበሩን ጥቁር አይተው ሊያስተዛዝኑን ነው የገቡት። ባለቤቴ ደግሞ ሊያረዱኝ የመጡ መስሏት ጓዳ ገብታ ስታለቅስልኝ ነበር። ማን እንደሞተ የነገርኳቸው እኔ ነኝ።

ስልኬን አውጥቼ አዲስ አበባ ደወልኩ። እናቴ ወዲያው አነሳችው።

«አለህ?» አለች። «ሚስትህ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ነው ስትለኝ ሞትህን የደበቀችኝ መስሎኝ፣ ለጎረቤት እንኳ ሳልናገር ብቻዬን ሳለቅስ ከረምኩ።»

«እማዬ፣ ሥራ የለኝም» አልኳት፣ በዚያ ሁሉ ለቀስተኛ ፊት።

«እሱን ማን ጠየቀህ?» አለችኝ።